የዳማው እግር

ፈረስ ካላችሁ አንድ ምክር ልስጣችሁ፤ እንዳያነክስባችሁ። ቢሞት፣ ቢሰረቅ፣ ጅብ ቢበላው ሰው አጽናንቷችሁ ይሄዳል። ያነከሰ እንደሆነ ግን አገር ሁሉ ሐኪም ሆኖ ደጃችሁ ይሰለፋል።

ሱሉልታ ይኖሩ የነበሩት አባቴ፣ ዳማ ፈረሳቸው ማንከስ የጀመረ ሰሞን፣ ያልሰማነው የበሽታ ዓይነት የለም። አንዱ ሰኮናውን አንኳኩቶ "ድንጋይ ወግቶታል" ይላል፤ ሌላው ትከሻውን ዳብሶ "ወልቋል"፤ አንዷ ደግሞ ከሩቅ አይታ "ዓይን ነው" ብላ እንትፍ እንትፍ ትላለች። የበሽታው አመልም ግራ ያጋባ ነበር። በልጓም ሲስቡት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አባቴ ኮርቻው ላይ ሲወጡ ያነክሳል። ሳምንት አሳርፈውት ይድናል፤ ገበያ ሊሄዱበት ሲጭኑት ያነክሳል። በመጨረሻ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ብረት አግለው ትከሻውን ሦስት ቦታ ተኮሱት። ልጓሙን የያዝኩት እኔ ነኝ። የተቃጠለው ጠጉር ሽታ ሰበታ፣ እቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። በሳምንቱ አነከሰ።

ያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ይዤ ሄድኩ። ወጣት ናት፤ አባቴ ሲያዩዋት ፊታቸውን አጨፈገጉ። እሷ እግሩን አገላብጣ አየች፣ በልጓም አስኬደችው፤ ምንም። አባቴን ኮርቻው ላይ አስወጥታ አየች፤ አነከሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እስቲ አንተ ውጣበት" አለችኝ። ከአባቴ እጥፍ እከብዳለሁ። ዳማው ግን ተሸክሞኝ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ሐኪሟ ፈረሱን ትታ አባቴን ማየት ጀመረች።

"አባባ፣ እስቲ ከዚህ እስከ በሩ ይራመዱልኝ።"

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የታመመው እኮ ፈረሱ ነው!"

"አውቃለሁ። ቢሆንም ይራመዱልኝ።"

አራት እርምጃ ሄዱና አጥሩን ያዙ። ዳሌያቸው ነው። ኮርቻ ላይ ያለ ሰው አያነክስምና ማንም አላየባቸውም፤ ሕመሙን ሽሽት አጋድለው እየተቀመጡ፣ ክብደታቸውን ሁሉ በአንድ ጎኑ እየጣሉበት፣ ፈረሱን እንዲያነክስ አደረጉት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ጭነቱ ተከብሮ ተሸካሚው ተተኮሰ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

"ምነው ሳይነግሩኝ፣ አባባ?" አልኳቸው።

"ካወቅህ ፎቅ ላይ ትወስደኛለህ ብዬ ነዋ!"

"ማን ይወስድዎታል!" ብዬ ተቆጣሁ።

ይኸው ወሰድኳቸው። ምን ላድርግ? ብቻቸውን ነበሩ፤ ውሃ እንኳ የሚቀዳላቸው የለም። አሁን ሰበታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት ዳር ተቀምጠው ይውላሉ፤ ደረጃው ለዳሌያቸው ስለማይሆን አይወርዱም። ዳማውን ኦቦ ገመቹ ወስደውታል። የመጀመሪያው ሰሞን "እግሩ እንዴት ነው?" ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ድኗል፣ ሽምጥ ይጋልባል። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ምሳም አልበሉ።

ከዚያ ወዲህ ሲጠይቁኝ "ያው ነው፣ ያነክሳል" እላቸዋለሁ።

"አላልኩህም?" ይላሉ፣ ዓይናቸው በርቶ። "ያቺ ልጅ ምንም አታውቅም!"