በእባብ ፊት የተሰጠ የእንግሊዝኛ ትምህርት

ሰው ሲፈራ ይሮጣል ወይም ይጮኻል። ሲፈራ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰውስ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሱዳን ድንበር ላይ፣ ፋሽጋ ውስጥ፣ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ገጥሞኛል። ዘላለም ይባላል፤ ወደ አውሮፓ ለመሻገር የሰነቀው ዳቦ ሳይሆን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው።

አንድ ቀን ነዶ ሳነሳ፣ እንደ ትራክተር ጎማ የወፈረ እባብ መጥቶ ጫማዬ ላይ ተጋደመ። ላቤ እንኳ ለመውረድ ፈራ።

«ዘላለም፣ እግሬን ባነሳው ምን ይሆናል?» አልኩት በሹክሹክታ።

እሱም ፈንጠር ብሎ ቆሞ፣ «'ዊል' እንዳትል አያ ደሴ! 'ዊል' ካልክማ መንደፉ ቁርጥ ነው። 'ዉድ' በል፤ ብታነሳው ይነድፍህ ነበር፣ ግን አታነሳውም። 'ማይት' ካልክ ደግሞ ምናልባት ይምርሃል» አለኝ።

«ያ ዞል! አንተ ሰው! የሚያድነኝ የትኛው ነው?»

ዘላለም ገና ሲያስብ እባቡ ከጫማዬ ወርዶ ወደ እሱ ተሳበ።

«ወደ አንተ መጣልህ! አሁንስ የቱን እንበል?»

መምህሬ ግን የቀረውን ትምህርት በእግሩ እያስተማረ ማሳውን ለቆ ወጥቷል። እኔስ? እባቡ ከሄደ በኋላም እግሬን አላነሳሁም። ሊሆን ይችላል የተባለው ሁሉ፣ 'ዉዱ'ም 'ማይቱ'ም፣ ገና ጫማዬ ላይ ተጋድሞ ነበራ!