ከባዱ ድሪል

ዕቃ በክብደቱ የሚመርጥ ጎረቤት አላችሁ? ካላችሁ አልጋችሁን ከግድግዳው አርቁ።

የእኔው ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ለግድግዳ ሰዓት መስቀያ ባለ ባትሪ ድሪል ልንገዛ ነቀምቴ ገበያ ስንወጣ፣ ባለሱቁ ትንሿን አወጣላቸው።

«ለቤት ይቺ ትበቃዎታለች፤ ክንድዎንም አታደክምም።»

በእጃቸው መዘኗትና ፊታቸው ጠቆረ። «ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት! ከባድ የለህም?»

ክብደትንና ጥራትን ማን እንዳጋባቸው እንጃ። እንደ ሕፃን የሚታቀፈውን፣ ከረጅም መብሻው ጋር፣ ይዘው ወጡ።

የሚያዋስነን የጭቃ ግድግዳ ነው። «መምህር፣ በአንተ በኩል ቁምና ደግፍልኝ፤ እንዳይነቃነቅ» አሉኝ። እምቢ ይባላል? ጀርባዬን ለጥፌ ቆምኩ።

ድሪሉ ጮኸ። አፈር ትከሻዬ ላይ ይራገፍ ጀመር። በየት በኩል ሊወጣ ነው? በወገቤ? በማጅራቴ? «ኦቦ ገመቹ፣ ይበቃል!» ብል ማን ይስማኝ? ዘልዬ ከመሸሼ ብረቱ ማጅራቴ በነበረበት ቦታ ብቅ አለ።

ድሪሉ ዝም አለ። በቀዳዳው አንድ ዓይን አየኝ።

«አየህ መምህር?» አሉ በኩራት። «ትንሿ ብትሆን አንተ ጋ ትደርስ ነበር?»