የፕሮፌሰር ጌጡ ግራ እጅ

በየከተማው፣ ሕዝቡ ራሱ ሰቅሎ ራሱ የሚያወርደው አንድ ታዋቂ ሰው አይጠፋም። ደብረ ታቦርም የራሷ አላት፤ ክቡር ፕሮፌሰር ጌጡ፣ የምትሃት ትርኢት ሊቅ። ፕሮፌሰርነቱን ማን ሰጣቸው ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ዩኒቨርሲቲውን የሚያውቁት በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ነው። አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ታይተዋል። ይህን ያልነገሩት ሰው በከተማው የለም።

ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው መድረክ ይወጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው "ዓይን ሁሉ ቀኝ እጄ ላይ" ይላሉ። ዓይን ሁሉ እዚያው ይሆናል። ባዶ የነበረው መዳፍ እንቁላል ይዞ ይገኛል። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ሲወጣ ግን ያማትባል።

የኛ ሰው ነገር ይኸው ነው፤ ትርኢት አይቶ ትርኢት ነው ብሎ አያልፍም። ባለሱቁ ነጂብ ከእጃቸው ብር አይቀበልም። ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡለታል፤ ወደ ተራ ወረቀት አለመለወጡን ጠብቆ ያነሳል። ሐሙሲት ገበያ ላይ ደግሞ በሬ የጠፋበት አንድ ገበሬ እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ከባዶ እጅ እንቁላል ያወጡ ሰው፣ የኔን በሬ ማግኘት አያቅትዎትም።"

"ወንድሜ፣ እኔ የማወጣው ራሴ የደበቅሁትን ብቻ ነው" አሉት፣ ሊያስረዱት ብለው።

"እንግዲያው በሬዬን የደበቁት አንቱ ነዎታ!"

ያን ቀን ከዱላ ያስጣላቸው ወደ ባሕር ዳር ሊነሳ የነበረ ሚኒባስ ነው። መንገዳቸው ግን ወደ ደብረ ታቦር ነበር።

ይህ ሁሉ ያስቃል። ልጃቸው ትርንጎ ስትታጭ ግን ሳቁ ቀረ። ያጫት ልጅ ወላጆች የፋርጣ ገበሬዎች ናቸው፤ እዚያ ከጋብቻ በፊት ዘር ይጠየቃል። ተጠየቀና፣ "ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ከአስማተኛ ቤት ግን አንጋባም" የሚል መልስ መጣ። ትርንጎ እህል አስጠላት።

ፕሮፌሰሩ የልጁን አባት አያ ደሳለኝን ከነሽማግሌዎቻቸው ቤታቸው ጠሩ። እኔም ጎረቤት ነኝና ተገኘሁ። እንግዶቹን በግራ እጃቸው በኩል አስቀመጧቸው፤ በዕድሜያቸው ተመልካች አስቀምጠው በማያውቁበት በኩል። ከዚያ ቀኙ ሲወዛወዝ ግራው ምን እንደሚሠራ፣ እንቁላሏ ከየትኛው እጅጌ እንደምትወጣ፣ ቀስ እያሉ አሳዩአቸው። እንጀራቸውን ነው ገልጠው ያሳዩት።

"ይኸው ነው?" አሉ አያ ደሳለኝ።

"ይኸው ነው። ሰይጣን የለበትም፤ የእጅ ፍጥነት ነው።"

"እና እኛ ስንፈራህ የኖርነው ለዚህ ነው?"

ሲገቡ አንቱ ይሏቸው ነበር።

ጋብቻው ተፈቀደ። ወሬው ግን ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ መድረክ ሲወጡ ከኋላ ወንበር "ግራህን አሳየን" የሚል ይነሳል፤ "አታላይ" የሚልም አለ። ጠንቋይ ሲመስሉት ያጨበጨበ ሕዝብ፣ እንደሱው ሰው መሆናቸውን ሲያውቅ ናቃቸው። ያንገበግባል። ነጂብ እንኳ አሁን ብሩን ከእጃቸው ይቀበላል፤ በዚያ እንዴት እንደሚከፋቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ካፖርቱም ሳጥን ገባ።

በሠርጉ ዕለት የዳሱ ጥግ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፕሮፌሰር ያላቸው አልነበረም።

"ፕሮፌሰር፣ እስቲ ያቺን እንቁላል ያሳዩን" አልኳቸው።

"ተወኝ ልጄ። አሁን ሁሉም የሚያየው ግራዬን ነው።"

"እኔ አላይም።"

ከድግሱ አንድ እንቁላል አንስተው ተነሡ። "ዓይን ሁሉ ቀኝ እጄ ላይ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዳሱን የሞላው እንግዳ እየተሳሳቀ ግራ እጃቸው ላይ አፈጠጠ። ቀኙን ያየን ሁለት ነን፤ እኔና ከሙሽራው ጎን የተቀመጠችው ትርንጎ።

እንቁላሏ ባዶ ወደነበረው ቀኝ መዳፋቸው ከየት እንደመጣች፣ እውነቴን ነው፣ አላየሁም።