ዘሀራን ከዘፈኑ ማውጣት

ከተጋገረ ዳቦ ውስጥ ጨውን መልሼ አወጣለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሰውዬው ወይ ዳቦ ጋግሮ አያውቅም ወይ ባለሥልጣን ነው። በደርግ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ሁለቱንም የሆነ ሰው አውቅ ነበር፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር።

የቀበሌው የኪነት ቡድን አዲስ አበባ ስቱዲዮ ገብቶ አንድ የአብዮት ዘፈን በካሴት አስቀርጾ ነበር። መሪ ዘፋኟ ዘሀራ ናት። የአብዮት በዓሉ ሊደርስ ሲል ዘሀራ ባቡር ተሳፍራ ጅቡቲ ገባች። እሷ የሌለችበት ካሴት ደግሞ የለም። ሊቀመንበሩ ሬዲዮ ጠጋኙን ሙክታርን አስጠሩት።

«የከዳተኛዋን ድምፅ አውጣና ሙዚቃውን ተውልኝ። ከተሰማች ግን የምትታሰረው አንተ ነህ!»

«አቦ ጓድ፣ ይሄ ለኔ ምንድነው?» አለ ሙክታር። አላውቅም የሚለውን ቃል አልተማረም።

ለእውነቱ ግን ዘዴው አለ። በስቴሪዮ ካሴት ላይ የዘፋኙ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በግራም በቀኝም እኩል ይቀመጣል። የአንዱን ወገን ገመድ ገልብጣችሁ ከሌላው ጋር ብትደርቡት፣ የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው ይወርድና እኩል የሆነው ሁሉ ይጠፋፋል። ጣጣው «ሁሉ» የሚለው ላይ ነው። ሙክታር ይህን ሲያደርግ መሐል የነበሩት ከበሮና ቤዝ ጊታር አብረው ሄዱ። የዘሀራ ማሚቶ ግን በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት አልነበረምና ቀረ፤ ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ይመስል።

የቀበሌው ኮሚቴ ካሴቱን ሊያዳምጥ ሲሰበሰብ ጋዜጠኛ ነበርኩና እኔም ለዜና ተጠርቼ ነበር።

«የሴት ድምፅ የሚሰማው አለ?» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ፊት ለፊት እያፈጠጡ።

ዘሀራ ከጉድጓዷ እየዘፈነች፣ ኮሚቴው ድምፅ እንደሌለ እጁን አውጥቶ አጸደቀ።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ካሴቱ ገና ከመጀመሩ አንዲት ሴትዮ ከኋላ፣ «ወላሂ፣ ዘሀራ ናት!» አለች። ከዚያ ማንም ሳያዝ አዳራሹ ግጥሙን ተቀበላት። የጠፋውንም ከበሮ በጭብጨባ መለሱት። በቀበሌያችን ታሪክ ሕዝቡ ሳይቀሰቀስ የዘፈነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ ወደ ሙክታር ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «እነዚህንም አውጣልኝ!» አሉ።

«እነሱ ገመድ የላቸውም፣ ጓድ።»

በማግስቱ ሊያሳስሩት ኮሚቴውን ሰበሰቡ። ግን ጥፋቱ ምን ይባል? ዘሀራ ተሰማች እንዳይሉ፣ የለችም ብለው እጅ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ሰው በሌለ ነገር መታሰሩ ብርቅ አልነበረም፤ በዚህኛው ግን የሚታሰረው ኮሚቴው በሙሉ ሊሆን ነው። ተበተኑ።

ሙክታርም በየሄደበት፣ «ሥራዬን ኮሚቴው መስክሮልኛል» እያለ ይጎርር ጀመር። አልዋሸም።