ባለቤት ያለው ዣንጥላ

[የአንዲት ጠበቃ ቢሮ መጠበቂያ ክፍል። ሦስት ወንበሮች አሉ፤ የአንደኛው እግር ስለተሰበረ ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው። በሁለተኛው ላይ ጥቁር ዣንጥላ ተጋድሟል። በሦስተኛው ላይ ታናሽ ተቀምጧል። ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ እዚህ አለ፤ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ቃሉን እንደ ቁልፍ ሞርዶ ነው የሚያወጣው። ወንድሙ ታላቅ ግን ምንም አይሞርድም። ሥራው ማወቅ ነው። አሁን መድረሱ ሲሆን፣ ዣንጥላውን ከወንበሩ አንስቶ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይዟል።]

ታላቅ፦ ዣንጥላ ወንበር አይዝም! የትኛው ሕግ ላይ ነው ዣንጥላ ወንበር ይይዛል የተባለው?

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ባለቤት አለው እኮ።

ታላቅ፦ ባለቤቱ የት አለ?

ታናሽ፦ ውስጥ።

ታላቅ፦ ውስጥ ከሆነ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ሰው ሁለት ወንበር ላይ ይቀመጣል?

ታናሽ፦ አይቀመጥም።

ታላቅ፦ በቃ፣ ተረታህ! [ዣንጥላውን መሬት ላይ ጥሎ ይቀመጣል።] ክርክር ማለት እንዲህ ነው። እኔ እኮ ሦስት ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሜ የተከራከርኩ ሰው ነኝ።

ታናሽ፦ ሦስቱንም ተረትተህ የለም እንዴ?

ታላቅ፦ የረታ ሰው ምን ይማራል? ትምህርቱ ያለው መረታት ላይ ነው።

ታናሽ፦ እንግዲያማ በጣም ተምረሃል።

ታላቅ፦ አየህ፣ አንዳንዴ ይገባሃል። በል ወደ ጉዳያችን። ነገሩን ከማንም በላይ የሚያውቅ ምስክር ይዘህ ቅደመኝ ብዬህ ነበር።

ታናሽ፦ አምጥቻለሁ። ምስክሩ ውስጥ ነው።

ታላቅ፦ ውስጥ? እኔ ሳልመጣ?

ታናሽ፦ ጠበቃዋ የመጣ ይግባ አለች።

ታላቅ፦ ያን ጡረተኛ ጎረቤታችንን ነው አይደል ያመጣኸው?

ታናሽ፦ አይ፣ ምስክሩ እንኳ—

ታላቅ፦ አታቋርጠኝ! ጥሩ አድርገሃል። ሽማግሌው ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ እኛ እስክንገባ ነገሩን ያሟሙቅልናል። ስማ፣ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ እማዬ አእምሮዋ ደክሟል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ እኔን ሞግዚት አድርጎ ይሹምላት። ተሾምኩ ማለት ቤቱን ሸጥኩት ማለት ነው።

ታናሽ፦ እማዬስ የት ትኖራለች?

ታላቅ፦ አንተ ጋ።

ታናሽ፦ እኔ ጋ እኮ አንድ ክፍል ናት። ግማሿም ቁልፍ ነው።

ታላቅ፦ ታዲያ ምን ቸገረህ? ትቆልፍባታለህ።

[ታናሽ የውስጡን በር ያያል። ስስ በር ነው። ቁልፍ ሠሪ ስለሆነ የበር ውፍረት ሳይነካ ያውቃል።]

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ድምፅህን ቀነስ ብታደርግ—

ታላቅ፦ ለምን እቀንሳለሁ? እውነት የያዘ ሰው ድምፁን አይቀንስም። በጠዋት ለምን እንዳስነሳሁህ ገብቶሃል?

ታናሽ፦ አልገባኝም።

ታላቅ፦ አንድ ጠበቃ ለሁለት ባላጋራ አይቆምም። ቀድሞ ያናገራት ያዛት ማለት ነው። በዚህ ሰፈር ያለችው ጠበቃ ደግሞ እሷ ብቻ ናት። እማዬ ነገ ባንና ብትመጣ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ልጅዎ ቀድመዎታል» ትባላለች። አለቀ!

ታናሽ፦ ቀድሞ የገባ ነው የሚይዛት?

ታላቅ፦ ቀድሞ የገባ።

ታናሽ፦ የዘገየውስ?

ታላቅ፦ የዘገየውማ ጅል ነው። [ተደላድሎ እግሩን ዣንጥላው ላይ ያሳርፋል።]

ታናሽ፦ እንደዚያ ከሆነ እኮ ጋሼ—

ታላቅ፦ አታቋርጠኝ አልኩህ! አሁን ምስክርነትህን እንለማመድ። እኔ ዳኛ ነኝ። [ድምፁን ያጎረንናል።] ምስክር! እናትህ ለብቻዋ ስታወራ አይተሃል?

ታናሽ፦ አላየሁም። ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ታላቅ፦ ምን ዓይነት ሰው ነህ! ምስክር «አየሁ» ብሎ ነው እንጂ «አላየሁም» ብሎ ይምላል? በስልክ ለብቻዋ ስታወራ አላየሃትም?

ታናሽ፦ እሱማ ላንተ ስትደውል ነው። አታነሳላትም። ያቺ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት «የደወሉላቸው ደንበኛ ሊያነሱ አልቻሉም» ስትላት፣ እማዬ «እሺ የኔ ልጅ፣ ሲመጣ ደውላ ነበር በይልኝ» ትላታለች።

ታላቅ፦ [እጆቹን እያፋተገ] ይኸውልህ! ከማሽን ጋር ታወራለች! ይህን ተናገር!

ታናሽ፦ «እሷ እንኳ ሁልጊዜ ትመልስልኛለች» ትላለች። እሱንም ልናገር?

ታላቅ፦ እሱን ተወው። ቀጥል። በሯን ትቆልፋለች። ሰው ትፈራለች።

ታናሽ፦ ሰው አትፈራም። የምትቆልፈው አንተ ስትመጣ ነው።

ታላቅ፦ ቁልፌ እንኳ አልገባ አለኝ! ምን ጠቅጥቃበት እንደሆነ እንጃ!

ታናሽ፦ እኔ ነኝ የቀየርኩት።

ታላቅ፦ አንተ?! ለምን?

ታናሽ፦ ቀይርልኝ አለችኝ፣ ቀየርኩ። ሥራዬ ነው። ደላላውን ይዘህ መጥተህ ቤቱን በሜትር ያስለካህ ዕለት እኮ ነው። እሷ ከነተቀመጠችበት ወንበር ለካት።

ታላቅ፦ ክፍሉን ነው የለካው እንጂ እሷን አይደለም!

ታናሽ፦ እሱ ሲወጣ «ስንት ወጣሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።



ታላቅ፦ ቀልድ ማብዛትም ምልክት ነው። ደግሞ ቀን ትረሳለች። ዳኛው ቀኑን ቢጠይቃት አትመልስም።

ታናሽ፦ ቀንማ ታውቃለች። ያንተን ልደት ሳይቀር። ዕለቱን በሩን ሳትቆልፍ እስኪመሽ ጠበቀችህ።

ታላቅ፦ ልደቴ መቼ ነበር?

ታናሽ፦ ባለፈው ሳምንት።

ታላቅ፦ ምነው... አዎ። ሥራ በዝቶብኝ ረሳሁት።

ታናሽ፦ መርሳትም ይቆጠራል?

ታላቅ፦ የእሷ እንጂ የእኔ አይቆጠርም! አሁን ዋናው ነጥብ፤ ጆሮህን ስጠኝ። ዕቃዋን አትለይም። የራሱን ዕቃ የማይለይ ሰው ደግሞ ራሱን ሊያስተዳድር አይችልም።

ታናሽ፦ ዕቃ የማይለይ ሰው ሞግዚት ያስፈልገዋል?

ታላቅ፦ ያለ ጥርጥር!

ታናሽ፦ [መሬት መሬቱን እያየ] ጋሼ፣ እግርህን አንሳ። ዣንጥላው ይሰበራል።

ታላቅ፦ ይሰበር! ይህ ደግሞ ዣንጥላ ሆኖ ነው? እንጨቱ ርካሽ፣ ጨርቁ ርካሽ። የትኛው ንፉግ ገዝቶት ይሆን?

[የውስጡ በር ይከፈታል። ጠበቃዋ ትወጣለች። ከኋላዋ እናት፣ የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ።]

ታላቅ፦ [ብድግ ብሎ] እማዬ! አንቺን ደግሞ ማን አመጣሽ?

እናት፦ ወንድምህ። ነገሩን ከማንም በላይ የሚያውቅ ምስክር አምጣ ብለኸዋል አሉ። ቢያስብ ቢያስብ ከእኔ ሌላ አላገኘም።

ታላቅ፦ [ወደ ታናሽ ዞሮ] አንተ ደደብ! ለምን አልነገርከኝም?

ታናሽ፦ አታቋርጠኝ አልከኝ።

ታላቅ፦ [ኮቱን እየጎተተ] እመቤቴ፣ ዋናው ባለጉዳይ እኔ ነኝ። እንግባና እኛ ብቻችንን—

ጠበቃዋ፦ ይቅርታ፣ እርስዎን ላማክር አልችልም። እናትዎ ደንበኛዬ ሆነዋል፤ ለባላጋራቸው መቆም አይፈቀድልኝም።

ታናሽ፦ ጋሼ፣ የዘገየው ምን ነበር ያልከኝ?

ታላቅ፦ አንተ አፍህን ዝጋ! እማዬ፣ ምን አስፈረሙሽ? ምን ፈረምሽ?

እናት፦ ምንም። «ቤትዎን ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «መኖር» አልኳት። ሌላውን አስቤበት እመለሳለሁ ብያለሁ። አስቤበት! ሰምተሃል? እኔማ ያንተን ሁሉ ከበሩ ወዲያ ሆኜ ሰምቻለሁ። «ትቆልፍባታለህ» ያልከውንም።

[ታላቅ ፊቱን ያዞራል። በመስኮቱ ያያል። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ያወርደዋል። ጎንበስ ብሎ ዣንጥላውን ያነሳል።]

ታላቅ፦ ሌላ ጠበቃ እይዛለሁ! ጠበቃ የሞላበት አገር ነው! ከከተማው ማዶም ቢሆን እሄዳለሁ!

እናት፦ ሂድ። ዣንጥላዬን ግን አስቀምጥ።

ታላቅ፦ ያንቺ ነው? ከመቼ ወዲህ?

እናት፦ ራስህ ነህ የገዛህልኝ። ለእናቱ ዣንጥላ የገዛ ልጅ እዩልኝ ብለህ ጎረቤቱን ሁሉ ስታሳይ ዋልክ። ያን ጊዜ ዝናብ እንኳ አልነበረም።

ታላቅ፦ [ዣንጥላውን አገላብጦ ያያል።] እንዴ... ለካ... ረስቼው ነው።



እናት፦ [ወደ ታናሽ] ልጄ፣ ሞግዚት የሚያስፈልገው ሰው ምልክቱ ምን ምን ነበር ያለህ?

ታናሽ፦ ቀን ይረሳል። ዕቃውን አይለይም። [ቃሉን ሞርዶ ሞርዶ] ለብቻውም ያወራል። እኔን አልሰማኝም፤ ለብቻው ሲያወራ ነው ያረፈደው።

እናት፦ [ወደ ጠበቃዋ] እንግዲህ ለዚህ ልጅ ሞግዚት መፈለግ ሊኖርብን ነው። ሩቅ አትድከሚ፤ ድሮም እኔው ነበርኩ፣ ሥራውን አውቀዋለሁ። [ዣንጥላውን ከእጁ ተቀብላ በሩ ላይ ትዘረጋዋለች። አንዱ ዘንግ ተጣሟል።] ና፣ ግባ ከሥሩ። በስብሰህ ብትታመም ማንን ነው የምታስቸግረው?

ታላቅ፦ እኔን ነው? ለእኔ ነው ሞግዚት? እኔ እኮ ሦስት ጊዜ ቆሜ የተከራከርኩ ሰው ነኝ!

ታናሽ፦ አራት።