ጋሽ ዶክተርና እሜቴ መጋዝ

በየሰፈሩ የሞተር መጋዝ ያለው አንድ ሰው አለ። እኛ ሰፈር የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ተኝታችሁ ነው። ተኝታችሁ ከሆነ ደግሞ እውነትም የለም ማለት ነው፤ እሱ ባለበት ሰፈር ማንም አይተኛም።

ሰው ጡረታ ሲወጣ አንድ ነገር ይጀምረዋል። አንዱን ስኳር ይጀምረዋል፣ አንዱን ደም ግፊት፣ አንዱን ደግሞ ምክር። የኛን ጎረቤት እንጨት ጀመራቸው። ክቡርነታቸው አርባ ዓመት የጥርስ ሐኪም ነበሩ። የከተማውን ግማሽ ሕዝብ አፉን ከፍተው አይተውታል፤ ያ ግማሽ አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው አፉን በእጁ ይይዛል። ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ጋሽ ዶክተር ነው የሚባሉት።

ጡረታ በወጡ በሳምንቱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊገዙ ሄደው የሞተር መጋዝ ገዝተው ተመለሱ። ሚስታቸው ሂሳብ አስተማሪ ስለነበሩ ሰፈሩ ቲቸር ይላቸዋል። ካርቶኑ ሲከፈት ቲቸር ረጋ ብለው፣ «ይሄ ልብስ ያጥባል?» አሏቸው።

«ልብስ ማን አየው፣ ድምፅዋን ስሚያት» አሉና ገመዱን ሳቡት። ሳሎን ውስጥ። መጋረጃው እስከ ዛሬ አጭር ነው።

መጋዟን «እሜቴ» ይሏታል። የምትኖረው ቴሌቪዥኑ ሥር ነው፣ ታጥቦ የታጠፈ ፎጣ ላይ። እንግዳ ሲመጣ ይተዋወቃታል። የልጅ ልጃቸው ፎቶ ከእሷ ጀርባ ነው ያለው፣ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው።

አሁን ልብ በሉ። የቤታቸው ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው። ጭስ መውጫ የለውም። ከሰል እንኳን በበራቸው ገብቶ አያውቅም። ግቢያቸው ውስጥ ግን የሰማይ ስባሪ የሚያህል የፍልጥ ቁልል አለ። እያንዳንዷ ፍልጥ ከጓደኛዋ እኩል ተቆርጣ፣ ቅርፊቷ ወደ ላይ ሆኖ፣ እንደ ጤነኛ መንጋጋ ተደርድራለች። አንድ ቀን እንዲሁ በየዋህነት፣ «ጋሽ ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» አልኳቸው።

«ማገዶ ነዋ።»

«ምን ላይ ሊነድ?»

ዞር ብለው አዩኝ። «ይነዳል ማን አለህ?»

ክው አልኩ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ ነው የምጠግነው፣ ትምህርት ያቆምኩትም ከስድስተኛ ክፍል ነው። ያልገባኝ ባለመማሬ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ የተማሩትን ስጠይቅ እነሱም አልገባቸውም።

ጋሽ ዶክተር ዛፍ ሲያዩ አንድ ቃል ነው ያላቸው፤ «ደርሳለች» ይላሉ። የማን ዛፍ እንደሆነ፣ የት እንደቆመ ጉዳያቸው አይደለም። የኛ በር ላይ ያለችውን ዛፍ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእኔ በፊት ነው ሰላም የሚሏት። «እንዴት ናት?» ሲሉኝ ሚስቴን መስሎኝ፣ «ደህና ናት፣ ትንሽ ወገቧን ነው» ብዬ ነበር። በጣም ደስ አላቸው።

ልብስ ሰፊያችንን የቀበርን ቀን ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እሳቸው ብቻ ቀና ብለዋል። ወደ ፈጣሪ የሚያዩ መስሎን አከበርናቸው። ከዚያ ወደ ሟች ሚስት ጠጋ ብለው እግዜር ያጽናሽ ካሉ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺ ጥድ ግን ደርሳለች» አሏት።

ሴትየዋ ለቅሶዋን አቋርጣ ቀና ብላ አየች። «ባሌ ላይ ትወድቃለች?»

«የለም፣ ጎረቤቱ ላይ ነው።»

ሴትየዋ ተጽናናች። ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ስታገባ አብረን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል። ከጎናቸው ግን አንድ ትልቅ ሻንጣ አለ፤ ስጦታ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ልንደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን መንገድ ዳር የወደቀ ዛፍ አየን። አየን ስል እኔ አላየሁም፣ ተኝቼ ነበር። የቀሰቀሰኝ «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ ነው።

«ጋሽ ዶክተር፣ ሠርጉስ?»

«ሠርግ ይደገማል። ይሄን ግን ሌላ ሰው ያነሳዋል።» ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ። ውስጡ እሜቴ ነበረች።

ኬክ ሲቆረስ ደረሱ። ኮታቸው በሰጋቱራ ነጭ ሆኗል፣ ጉልበታቸው ተቀዷል፣ አንድ ሕፃን የሚያህል ግንድ ታቅፈዋል። ስጦታ ጠረጴዛው ላይ፣ ብርጭቆዎቹ መሀል አጋደሙት። ሙሽራዋ አለቀሰች። እሳቸው እስከ ዛሬ በደስታ ነው ይላሉ።

ጩኸቱን እንተወው። ለነገሩ ጩኸቱ ያመጣው ጥቅምም አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እየጮኸ ስለሚያወራ ምስጢር የሚባል ነገር ጠፍቷል። እኔና ሚስቴ በእናቷ ምክንያት እንደምንጣላ ጎረቤት ያወቀው እንዲህ ባለ ቅዳሜ ነው። ሞተሩ ድንገት ጠፋ፣ እኛ ግን ቶሎ አልጠፋንም።

እንግዲህ የዛሬ ዓመት ገደማ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቲቸር ሱቄ ድረስ መጡ። በፌስታል የያዙትን ሱሪ አውጥተው የምሠራበት ጎማ ላይ ዘረጉት።

«እየው» አሉኝ።

ሱሪው ከጭኑ እስከ ጉልበቱ ተተርትሮ በጥቁር ክር ተሰፍቷል።

«እሜቴ ናት» አሉ ቲቸር። «ሥጋው ጋ ልትደርስ የሻይ ማንኪያ ውፍረት ነው የቀራት።»

«ነገሩዎት?»

«ምን ይነግረኛል፣ ደብቆ ራሱ ሰፋው እንጂ። ቋጠሮውን አየሁት። የድድ ስፌት ነው። በዚህ ዓለም ላይ ሱሪ በድድ ስፌት የሚሰፋ ሰው አንድ ነው ያለው።»

ሳቄ መጣ። ቲቸር በክፍል ውስጥ ሲረብሽ የተያዘ ተማሪን በሚያዩበት አስተያየት አዩኝ።

«አትሳቅ። መስመሩን ተመልከት።»

መስመሩ እንደ ፍየል መንገድ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«አርባ ዓመት አንድ ጠማማ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው ልጄ።»

ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። «ተው አይሏቸውም?»

«አልኩት። ሐኪሙ እኔ ነኝ አለኝ።» ሱሪውን አጣጥፈው ፌስታሉ ውስጥ መለሱ። «ሌላ ጊዜ ሱሪው ላይ አትቆምም። አንተ ማሽን ታውቃለህ። ትንሽ ነገር፣ ለዓይን የማትገባ፣ ስትወጣ ግን የምትገላት የለችም?»

አለች። ካንዴላ ትባላለች። ጣት የማታህል ዕቃ ናት፣ ግን ሞተሩ ውስጥ እሳቱን የምትጭረው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ያ ሁሉ ጩኸት የለም።

በማግስቱ ጋሽ ዶክተር ገላቸውን ሲታጠቡ ገባሁ። ቲቸር በር ላይ ቆመው ዘብ ጠበቁልኝ። ደህናዋን ካንዴላ ነቅዬ ከሱቄ ያመጣኋትን የተቃጠለች ተከልኩ። ሃምሳ ዓመቴ ነው። ሰርቄ አላውቅም ነበር። አጀማመሬ ከሐኪም ቤት፣ ያውም አስተማሪ ዘብ አቁሜ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው እያለ ወደ በሩ ወጣ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ገመዱን ይስባሉ፣ እሜቴ እህ ትልና ዝም። ይስባሉ፣ እህ ትልና ዝም። ቲቸር ቆጥረውታል፣ አርባ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በፎጣ ጠቅልለው እንደ ታመመ ልጅ ታቅፈው እኔ ዘንድ አመጧት።

ከፍቼ አየሁና ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። እሳቸው በሽተኛ ፊት ሲነቀንቁ የማውቀውን አነቃነቅ ነው። «ውስጧ ያለ ዕቃ አልቋል። ከውጭ ማስመጣት ነው፣ በመርከብ።»

ከዚያ በየሳምንቱ «መርከቡስ?» ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ተነሳ አልኩ። በሁለተኛው ማዕበል አስነሳሁ። በሦስተኛው ወደብ ላይ ሰልፍ አስያዝኩት። በአምስተኛው የምለው ሲያልቅብኝ ካፒቴኑን አሳመምኩት።

«ምኑን?»

ሳላስበው «ጥርሱን» አልኩ።

«የትኛውን?»

«የታች መንጋጋውን።»

«ይነቀል» ብለው ሄዱ።

ልሳቅ ስል ከኋላቸው አየኋቸው። ሱሪያቸው ሰፍቷቸዋል። ጺማቸው አድጓል። ከቁልሉ አጠገብ ወንበር አውጥተው ይውላሉ፣ ፍልጦቹን ግን አያዩም። ቲቸር አንድ ቀን በአጥሩ በኩል፣ «ሱሪውን አዳንን፣ ሰውየው ግን እየሄደብን ነው» አሉኝ።

ከዚያ ያ ነፋስ መጣ። የትምህርት ቤቱ ትልቅ ጥድ ከሥሩ ተነቅሎ ሲወድቅ የኛ ቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ። በፊት ቢሆን ጋሽ ዶክተር ዛፉ መሬት ሳይነካ ይደርሱ ነበር። አሁን ግን በራቸው ድረስ ብቻ ወጡ። ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ ጆሯቸውን ሰጡ። ተመልሰው ገቡና በሩን ዘጉት።

እኔን በሕይወቴ ብዙ ነገር አስደንግጦኛል። እንደዚያ በር ግን ያስደነገጠኝ የለም። ካንዴላዋን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

ሳሎን ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ካንዴላዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ «ጋሽ ዶክተር፣ መርከብ የለም» አልኩ። የተለማመድኩት ረጅም ነበር፣ የወጣው ይሄ ብቻ ነው።

መሳቢያውን ስበው የድሮ የጥርስ መሣሪያ ቆርቆሮአቸውን አወጡ። ከፈቱት። ሦስት አዳዲስ ካንዴላ ከነካርቶናቸው ተኝተዋል።

አንዷን አንስቼ አገላበጥኳት።

«አርባ ዓመት ሰው አፍ ውስጥ ኖሬ» አሉ፣ «የራሷ ያልሆነች ጥርስ ተተክላባት አላውቅም?»

«ታዲያ አርባ አንዴ ለምን ሳቡ?»

«አንተ በአጥሩ ታየኝ ነበራ። ልፋትህ ከንቱ እንዳይቀር ብዬ።»

«የመርከቡስ ነገር?»

«መርከቡን ወድጄው ነበር። ካፒቴኑ ተሻለው?»

እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዩታል። እጁ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጣል።

«ያን ቀን እሜቴ ስትነካኝ ፈራሁ» አሉ። «ፈራሁ ብዬ ለማን ልናገር? ተው ያለኝን ሁሉ እምቢ ብያለሁ። ደግመው ቢሉኝም እምቢ ነበር የምለው፣ አመሌ ነው። እኔ የሚያስፈልገኝ ሌባ ነበር። አንተ ደግሞ ደግ ሰው ነህ፣ መጣህልኝ።»

እንዲህ ዓይነት ምስጋና ተቀብዬ አላውቅም። ምን እንደሚባል ስላላወቅኩ «ምንም አይደል» አልኩ።

«ያ ጥድ ግን» አሉ፣ «ነገ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ይመጡበታል። እንደ ዳቦ ነው የሚገምሱት። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር።» ከዚያ የኔን እጅ ስበው ገለበጡት፣ ጣት በጣት አዩት። «ይሄ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።»

«ጋሽ ዶክተር፣ እኔ እንጨት ቆርጬ አላውቅም።»

«ሰርቀህም አታውቅም ነበር።»

ቲቸር ከጓዳ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «እሱ ይቁረጥ» አሉ ብቅ ብለው። «አንተ አምስት እርምጃ ርቀህ አፍህን ብቻ ታንቀሳቅሳለህ። አምስት ስንት እንደሆነ ታውቃለህ።»

ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ደረስን። ጋሽ ዶክተር ተላጭተዋል። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች መኪናቸውን አቁመው ግንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስቱንም በአንድ እይታ አስነሷቸው፤ ሁለቱ የድሮ ደንበኞቻቸው ስለነበሩ አፋቸውን ይዘው ነው የተነሱት። አለቃቸው ወደ እኔ እያየ፣ «ይሄስ ማነው?» አላቸው።

«ሌባዬ ነው» አሉ። ሰው ልጄ ነው ሲል በሚያወጣው ድምፅ። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

እሜቴን ይዤ ተንበረከክሁ። ክብደቷ አስደነገጠኝ፣ ያዘሏት እኮ የሰባ ዓመት ሰው ናቸው። ጋሽ ዶክተር በኖራ ምልክት አደረጉ፣ እግሬን አስፋፉልኝ፣ ክርኔን አስተካከሉ። ከዚያ አምስት እርምጃ ሄዱ። ቆጠርኩ። ተመለሱ፣ እሱንም ቆጠርኩ፣ አምስቱንም ነው የተመለሱት። ከኋላዬ ቆሙና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

እጁ እስከ አንገቴ ድረስ ይንቀጠቀጣል።

«ሞተሩ ነው» አሉ።

«አዎ» አልኩ፣ «ሞተሩ ነው።»

ገመዱን ገና አልሳብኩትም ነበር።