ደልበርት ስታምፐር ትንሿን ቀበሮ ስለ ማስመለሳቸው

ትንሿ ቀበሮ የተባለችው ታጣፊ ቢላዋ መሠራቷ በተቋረጠ በዘጠነኛው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ሰኔ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መካኒክ የነበሩት፣ ጉልበታቸው የሚቆረጥማቸው፣ ተስፋቸው ግን የማይዝለው ደልበርት ስታምፐር ከቴነሲ ኮረብቶች ተነሥተው ወደ ኖክስቪል ከተማ ዘመቱ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ደልበርት ይህችን ቢላዋ ሃያ ሦስት ዓመት ይዘው፣ ገመድ ሲቆርጡባት፣ ፖም ሲልጡባት፣ ጥፍራቸውን ሲያጸዱባት ኖረው፣ አንድ ቀን በሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ከእጃቸው ሾልካ ሰጠመች። በማግሥቱ ሌላ ሊገዙ ቢሄዱ ባለሱቁ፣ «እሷ እኮ ቀርታለች ጋሼ! የት ነበሩ?» ብሎ አወጀባቸው። ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። ሰው ይሞታል እንጂ ቢላዋ እንዴት ይሞታል ብለው፣ እያዘኑ ከኮምፒዩተራቸው ፊት ቢቀመጡ፣ በዚያ እንደሳቸው የሚያለቅስ ሕዝብ አገኙ።

ይህም ሕዝብ ቢላዋ ሰብሳቢ ይባላል። በየማለዳው ተነሥቶ የተቋረጡትን ቢላዎች እንደ ሙት ስም እየጠራ፣ «ይመልሷት ይሆን?» እየተባባለ ይጽናናል። ዘመንንም የሚቆጥረው በመሪ አይደለም፤ «የአጋዘን ቀንዱ እጀታ በፕላስቲክ የተተካ ጊዜ»፣ «የነሐሱ ብሎን የቀረ ሰሞን» እያለ ነው እንጂ። ደልበርትም የዚህ ሕዝብ አለቃ ሆነው፣ ስድስት ዓመት ደክመው፣ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊርማ አሰባስበው ለፋብሪካው ላኩ። እነሆ የፋብሪካው ባለቤት ወይዘሮ ጁዋኒታ ክሬንሾ፣ መልሳቸውን በኖክስቪል የቢላዋ ትርዒት ላይ በአደባባይ እንደሚሰጡ አስታወቁ።

አለቃውን የተከተሉት እነዚህ ነበሩ። የጥርስ ሐኪሙ ሮላንድ ቢዝሊ፣ በማመልከቻው ላይ ከሁሉ ቀድሞ የፈረመ፣ አሥራ አንድ ትንንሽ ቀበሮ በካዝና ያሰረ፣ የካዝናውን ቁልፍ ከሚስቱ የደበቀ። ጡረተኛው ሰባኪ ኸርሸል፣ ሞላዋ እንዳይላላ ፈርተው የገዛ ቢላዋቸውን አንድ ቀን እንኳ ያልከፈቱ፣ ፖስታ በጥርሳቸው የሚቀድዱ። ቶሊቨር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ስለ አንዲት ብሎን ቀለም ተጣልተው አራት ዓመት ያልተነጋገሩ፣ ስለዚህም በአንድ መኪና ፊትና ኋላ ተቀምጠው የመጡ። ከሁሉም በኋላ የደልበርት ባለቤት ኦፓል፣ ቢላዋውን ሳይሆን ባላቸውን ሊጠብቁ የመጡ።

አዳራሹም ሞልቶ በተጨናነቀ ጊዜ ወይዘሮ ጁዋኒታ መድረክ ወጥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«እናንተ ሰዎች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ፈጃችሁኝ! ይኸው ፊርማችሁ፣ ‹ትመለስ› ይላል። ይቺ ደብዳቤ ደግሞ ለብቻዋ የመጣች ናት፣ ‹በምስጢር ይያዝ› ተብሎባታል። ስሙ፦ ‹እባክዎ እንዳይመልሷት፤ አዲሷ ከወጣች የአሮጌዎቹ ዋጋ ይወድቃል፤ እኔ አሥራ አንድ አለኝ።› ስም አልጠራም። ግን የጥርስ ክሊኒክ ማኅተም አለባት!»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሐኪሙ ዞረ። ደልበርት ጆሯቸውን አላመኑም፤ ያን ሰው ስድስት ዓመት ወንድሜ ብለውታልና። ወይዘሮዋ ግን፣ «ቆይ፣ አትሳቁበት! እንደዚህ ያለ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ሠላሳ ሰባት አለ» ብለው ጨመሩ። ያን ጊዜ ከሕዝቡ ብዙው ጫማውን ያይ ጀመር። ደልበርትም ሠላሳ ሰባቱን ፊት በዓይናቸው ሊለቅሙ ሞክረው ተዉት፤ ደክሟቸው ነበር።

«ለማንኛውም ሠርቻታለሁ። ስድሳ ፍሬ ብቻ ናት። ተሰለፉ!»

ይህ አዋጅ እንደ ተሰማ፣ የጥርስ ሐኪሙ ከኀፍረቱ ቀድሞ ሮጦ የሰልፉ ራስ ሆነ፤ አራትም ገዛ። ዘጠኝ ዓመት ያለቀሰው ሕዝብ ቢላዋዋን ጨብጦ እንባው ሳይደርቅ፣ «ብሎኗ ወፍሯል!» «ስትዘጋ ቀጭ አትልም፣ ጠቅ ነው የምትለው!» «ድሮ እኮ ሽታዋ ራሱ ሌላ ነበር!» ይል ጀመር። ሁለቱ ቶሊቨሮችም በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው፣ ይህችኛዋ ትንሿ ቀበሮ በአስቸኳይ እንድትቋረጥ የሚጠይቅ ማመልከቻ ያዞሩ ጀመር።

ደልበርት በጉልበታቸው ምክንያት ከሰልፉ ጭራ ነበሩ፤ ግን ደረሳቸው። ሳጥኗን በጭናቸው ላይ አድርገው ከአግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የከበቧቸውም፣ «እንዳትነካት! ጣት ካረፈባት አለቀላት!» እያሉ አስጠነቀቁ። እኒያ አውቶቡስ ፈታትተው የገጠሙ እጆች ከሳጥኗ ክዳን ተመለሱ፤ ስድስት ዓመት ከሕዝቡ ጋር ሲውሉ የሕዝቡ ፍርሃት ተጋብቶባቸዋልና። ሳጥኗን እንደ ታሸገች ወደ ቤት ሊወስዷት አሰቡ። ይህን ያዩት ኦፓል ከመንገድ ዳር የገዙትን የኮክ ፍሬ ይዘው ቆሙና የዕለቱን የመጨረሻ አዋጅ አወጁ፦

«አንተ ሰውዬ! ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚች ቢላዋ ስሰማ ጆሮዬ ደነቆረ። አሁን ርቦኛል። ወይ ክፈታት፣ ወይ ሐይቅህ ውስጥ እህቷ ጋ እጨምራታለሁ!»

ደልበርትም ወደ ሰማይ አንድ ጊዜ፣ ወደ ሚስታቸው ሁለት ጊዜ ተመልክተው፣ ሳጥኗን ቀድደው፣ ስለቷን ዘርግተው ኮኩን ለሁለት ከፈሉት። ጭማቂው በስለቷ ላይ ወርዶ በሞላዋ ውስጥ ገባ። ሰባኪው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ ሐኪሙ ጥርሱ እንደ ተነቀለበት ሰው አቃሰተ። ደልበርት ግን ግማሹን ለኦፓል ሰጥተው፣ ግማሹን በልተው፣ ቢላዋዋን በሱሪያቸው ጠረጉና እንደ ሕፃን ሳቁ።

በዚያ ቀን ስድሳ ቢላዋ ተሸጠ፤ የቆረጠው አንድ ነው። ስለዚህም፣ ምንም እንኳ ከአሮጌ ፒክአፕ በቀር ፈረስ ባይኖራቸው፣ የፈረስ ስም ተሰጥቷቸው አባ ቁረጥ ተባሉ። አቤት አባ ቁረጥ! የስድሳው አዳራሽ ብቸኛ ጎበዝ፣ የኮክ ድል አድራጊ! ዝናቸው ከኖክስቪል እስከ ባሕር ዳርቻ ይሰማ፤ የሱሪያቸውም እድፍ በቶሎ ይልቀቅላቸው፤ አሜን።